የውሃ በረኛው

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ የኅዳር ጨለማ፣
ዝናብ መስኮት ይመታል ሌዋርደን ከተማ።
ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ ዪልዱ ይሉኛል፣
ነጭ ካፖርቴ ላይ ስሜ ተጠልፏል፤
የሽንት ቧንቧ ሐኪም፣ የኩላሊት፣ የፊኛ፣
ሁለት ዓመት የሆነኝ እንቅልፍ አልባ ዘበኛ።

በአልጋ ገፍተው አመጡት፣ ሰማንያ የሞላው፣
እርጥብ ደረጃ ጥሎት ዳሌው የተሰበረው፤
ዊብረን ነው ስሙ፣ በሃርሊንገን ካናል ያረጀ፣
ለጀልባ በር ከፍቶ፣ በር ዘግቶ፣ አርባ ዓመት የፈጀ።

ነርሷ ሰዓቷን ዐይታ፣ «ለንጋት ነው ቀዶ ጥገናው፣
ካቴተር አስገቢለት» አለችኝ። ቀላሉ ሥራ ነው፣
እጄ የለመደው፣ ተኝቼም የምሠራው።
ጓንት አጠለቅሁ። ቅባቱን ቀባሁ።
ጫፉን ከሥጋው አፍ ልክ ሳስጠጋ

ያዘኝ።
ገመድ ያሻከረው መዳፍ፣ እንደ ብሎን የጠበቀ።
«ቆይ ልጄ» አለኝ፣ «በሩ ዝግ ነው።»

ዞሬ የክፍሉን በር አየሁ። ወለል ብሏል።
ለነርሷ በዐይኔ «ማደንዘዣው ነው» አልኳት።

«የዚያ አይደለም፣ የኔ በር።
ፕሮስቴቴን ካወጡልኝ ወዲያ
ሦስት ዓመት እንደ ቀዳዳ ጀልባ አፈሰስኩ፤
ልጄ ቤት መሄድ ተውኩ፤ አዲሱን ሶፋዋን ፈርቼ።
ኋላ ግሮኒንገን ያለ ሐኪም
ቧንቧዬን የሚያንቅ ቀለበት አጠለቀልኝ፤
ከፊኛዬ አጠገብ ሌላ ፊኛ አኖረ፣
ከቆለጤ ከረጢት አምፖል ቀበረ።
ስጨምቃት ይከፈታል፤ ስተዋት ውሃው ቀስ ብሎ
ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል፣ በሩን ዘግቶ።

አንድ ጎረምሳ ነበር፣ አሸዋ ጭኖ የመጣ፣
ቀይ መብራት ሳያይ ጀልባውን ከበሬ ያላተመ።
በሩ ያን ቀን አልተሰበረም። ተሰነጠቀ እንጂ።
ውሃው የበላው ከወር በኋላ ነው።
አንቺም ብትገፊው እንደዚያው ነው።»

ስድስት ዓመት ተማርኩ፣ ሁለት ደግሞ ጨመርኩ፣
ስለዚህ ቀለበት የማውቀውን ቆጠርኩ፦
አንዲት ሥዕል፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣
መምህሩ «ብርቅ ነው» ብለው ያለፏት።
ብርቁ ሰው ይኸው፣ እጄን ይዞ ተኝቷል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል
ለቄስ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
ካፖርትም ይጠመጠማል ለካ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ከእንቅልፉ ነቃ።
ነገርኩት። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤
ገባኝ።
እሱም አያውቅም።

ጓንቴን አወለቅሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
«አስተምረኝ» አልኩት።

«ቁልፉን ፈልጊ።»
ነርሷ የካፖርቱን ኪስ ልትፈትሽ ተነሣች፤
ያ የተሰበረ ሰው ሳቀ፣ ሳቁ ዳሌውን እያመመው፦
«የሚዞረው ሳይሆን የሚጫኑት! ከአምፖሏ ከፍ ብሎ፣
ከምስር የማይበልጥ ነው።
መጀመሪያ አምፖሏን ጨምቂ፣ በሩ እንዲላቀቅ።
ከዚያ ጠብቂ፣ ትንሽ ነፍስ ትዝራ፤
ሞልታ ሳትወጠር ቁልፏን አንዴ ጫን።
ከዚያ በኋላ በሩ ክፍት ያድራል፤ በደህና እለፊ።»

ጨመቅሁ። ቆጠርኩ።
ጣቴ ሥር ምስሯ ጠቅ አለች።
ከላስቲኮቹ ቀጭኑን መረጥኩ፤
ገባ፣ ምንም ሳይነካ።
ራስጌው ላይ በቀይ ጻፍኩ፦ ይህ ሰው በር አለው፤
ሳትጠይቁ አትግፉ።

ዊብረን ዛሬ የለም፤ በር አልገደለውም፣ ዕድሜ ነው።

እኔ አሁን አስተምራለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ
የጎማ ገላ አለ፣ ውስጡ አምፖል፣ ቀለበት፣
ዓርብ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት፣ ዐይን ሳይከብድ።
«ጨፍኑ» እላለሁ፣ «ቁልፉን ፈልጉ።»
አንዱ ይቸኩላል፣ «በዕድሜዬ ስንቴ ይገጥመኛል?»
«ምናልባት ሁለቴ» እለዋለሁ። «ፈልግ።»
ጣቶቹ በጨለማ ይዳብሳሉ፣
ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ «ዘጋ?» ይላል።
«ገና።»
ሁላችንም ዝም እንላለን
ውሃው እስኪመለስ።